የኪራይ ጭማሪውን አልቀበልም ብል ከቤቱ ሊያስወጡኝ ይችላሉ?

ጥያቄ፦ የሁለት ልጆች እናትና የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። በደሴ ከተማ ሆጤ አካባቢ በሚገኝ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ተከራይቼ ከገባሁ አንድ ዓመት ከአምስት ወር ሆኖኛል። ውላችን ከመስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለአንድ ዓመት የተጻፈ ነበር። ዓመቱ ሲሞላ እኔም ስለ ውሉ አላነሳሁም፣ አከራዬም አላነሱም፤ እኔ እየከፈልኩ፣ እሳቸውም እየተቀበሉ እዚህ ደርሰናል። የምከፍለው በወር 9,000 ብር ነው፤ ውሉ ላይ ግን ግብር እንዳይበዛባቸው ሲሉ ስለጠየቁኝ 4,500 ብር ተብሎ ተጽፏል። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት በእጃቸው ሰጥቻለሁ፤ ከመጋቢት 2017 ዓ.ም. ወዲህ ያለውን በባንክ ነው የማስገባው።

ባለፈው ክረምት ከላይኛው ፎቅ መታጠቢያ ቤት እየፈሰሰ የልጆቼን መኝታ ቤት ጣሪያና ግድግዳ ውሃ ሲያበላሸው ሦስት ጊዜ ነገርኳቸው። «እናያለን» ከማለት በቀር መፍትሔ ስላላገኘሁ በራሴ የቧንቧ ሠራተኛ አምጥቼ 6,200 ብር አውጥቼ አሠራሁ፤ ከጥቅምት ኪራይም ቀንሼ 2,800 ብር አስገባሁ። ያን ጊዜ ምንም አላሉኝም ነበር። አሁን ግን ከየካቲት 1 ጀምሮ 14,000 ብር እንድከፍል፣ ካልሆነ በአሥር ቀን ውስጥ እንድለቅ፣ ካልለቀቅሁ ውሃ እንደሚዘጉብኝ ነገሩኝ። የቀነስኩትንም 6,200 ብር «ውዝፍ ኪራይ አለብሽ» እያሉ ይቆጥሩብኛል። አባባ እያልኩ የምጠራቸው፣ ልጃቸውን ስንድር አብሬ የደገስኩላቸው ሰው በመሆናቸው ፍርድ ቤት መቆም ይከብደኛል። ጭማሪውን የመክፈል ግዴታ አለብኝ? ሊያስወጡኝስ ይችላሉ? የሥራ ባልደረቦቼ ነገሩ እስኪለይ ኪራይ እንዳልከፍል ይመክሩኛል፤ ትክክል ነው?

(ከደሴ፤ ስሜ እንዳይጠቀስ)

መልስ፦ ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር፤ ምክንያቱም በሌላው ሁሉ እውነቱ ከእርስዎ ጋር ቢሆን እንኳ በዚህ አንድ ነገር ከተሳሳቱ ሁሉንም ሊያጡ ይችላሉ። ኪራዩን አያቋርጡ። የባልደረቦችዎ ምክር ከቅን ልብ የመጣ መሆኑን አልጠራጠርም፤ ነገር ግን ለተከራይ ከሚሰጡ ምክሮች ሁሉ የዚህን ያህል ቤት ያስለቀቀ የለም። እኔን የሚያሳዝኑኝ በክርክሩ ጥፋተኛ የነበሩት ተከራዮች አይደሉም፤ ስለ ጭማሪው ትክክል ሆነው ሳለ «እስኪወሰን ልያዘው» ብለው ሦስትና አራት ወር ሳይከፍሉ የቆዩት ናቸው። እነርሱ ፍርድ ቤት ሲደርሱ የጭማሪው ነገር ይረሳና ክርክሩ በሙሉ ስለ ውዝፍ ኪራይ ይሆናል። አከራዩ ቤቱ እንዲለቀቅለት የሚያቀርበው ክስ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ መሠረት በአጭር ሥነ ሥርዓት ሊታይ የሚችል ሲሆን፣ በዚህ መንገድ የተከሰሰ ሰው መከላከያውን ከማቅረቡ በፊት ፍርድ ቤቱን ማስፈቀድ ይኖርበታል፤ ያልከፈለ ተከራይ ደግሞ ለማስፈቀድ የሚያበቃ ምክንያት ማግኘት ይቸግረዋል።

ስለዚህ የየካቲትን ኪራይ ከወትሮው የመክፈያ ቀን አንድ ቀን ሳያሳልፉ፣ 9,000 ብሩን እስከ ዛሬ ባስገቡበት ሒሳብ ያስገቡ። በማስተላለፊያው ቅጽ ወይም በሞባይል ባንኪንጉ የምክንያት ቦታ ላይ «የየካቲት 2018 ዓ.ም. የቤት ኪራይ» ብለው ይጻፉ። ይህች አንዲት መስመር ከብዙ ምስክር ትበልጣለች። ምናልባት አከራይዎ ሒሳቡን ቢዘጉት ወይም በእጅ ሲሰጧቸው «14,000 ካልሆነ አልቀበልም» ቢሉ፣ ሁለት ሰዎች ባሉበት ገንዘቡን አቅርበው እንዳልተቀበሉዎት በጽሑፍ ያስይዙ። ከዚያም በፍርድ ቤት በኩል ገንዘቡ እንዲቀመጥልዎ ያመልክቱ፤ ገንዘብ ጠያቂው አልቀበልም ባለ ጊዜ ባለዕዳው በዚህ መንገድ ራሱን ነፃ እንዲያወጣ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ይፈቅዳል። ዋናው ነገር በማንኛውም ቀን ማንም ቢጠይቅዎ «ኪራዬን ከፍያለሁ፣ ማስረጃውም ይኸው» ማለት መቻልዎ ነው።

አሁን ወደ ጭማሪው እንምጣ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1731 እንደሚደነግገው በሕግ አግባብ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ነው። የአንድ ዓመቱ ውል ጊዜው ካለቀ በኋላ አከራይዎ እያወቁ ሳይቃወሙ፣ ኪራዩንም እየተቀበሉ አምስት ወር ስላስቀመጡዎ፣ ውሉ ጊዜው ሳይወሰን በዝምታ እንደታደሰ ይቆጠራል። የኪራዩም መጠን ሁለታችሁ ስትከፍሉና ስትቀበሉ የቆያችሁት ነው። ይህን መጠን አንዱ ወገን ብቻውን በቃል ተነስቶ ሊለውጠው አይችልም፤ ስለዚህ 14,000 ብር የሚለው የአከራይዎ ሐሳብ ነው እንጂ የእርስዎ ግዴታ አይደለም። እዚህ ላይ ግን ደስ የማይልዎትንም መናገር ይገባኛል። ጊዜው ያልተወሰነ ውልን አንደኛው ወገን ለሌላው ተገቢውን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ማቋረጥ ስለሚችል፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ብቻ ከሄድን «ጭማሪውን አልቀበልም» የሚለው መልስ ጊዜ ይገዛልዎታል እንጂ ቤቱን ለዘለቄታው አያስቀርልዎትም። ለዚህ ነው ከአከራይዎ ጋር መነጋገሩን እንደ ሽንፈት እንዳያዩት የምመክርዎት።

ከዚህ ሌላ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 አለ። አዋጁ የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲደረግና በሠላሳ ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ኪራዩ በባንክ ወይም በሌላ የኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል፣ ጭማሪም ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው መጠን ብቻ እንዲሆን ያዝዛል። በክልል ከተሞች አፈጻጸሙ የክልሉን ውሳኔ የሚከተል ስለሆነ፣ ነገ ጠዋት ክፍለ ከተማዎ ሄደው ሁለት ነገር ይጠይቁ፤ የእርስዎ ዓይነት ውል የሚመዘገበው በየትኛው ጽሕፈት ቤት ነው፣ ለዚህ ዓመት የተወሰነ የጭማሪ መጠንስ አለ? መልሱን ከነሰጪው ክፍል ስምና ከነቀኑ በማስታወሻዎ ይያዙ። ከአከራይዎ ጋር ሲቀመጡ «እንዲህ ሲባል ሰማሁ» ከማለት «ጽሕፈት ቤቱ በዚህ ቀን እንዲህ አለኝ» ማለት ሌላ ክብደት አለው።

ውሉ ላይ የተጻፈው 4,500 ብር ግን አሳስቦኛል፤ ምናልባት ከጭማሪው በላይ። ይህ ነገር በከተማችን እንደ ተራ ነገር ስለተለመደ ብዙ ሰው ሳያስብ ይፈርማል። የፈረሙበት ሰነድ በውስጡ ለያዘው ነገር በእርስዎና በአከራይዎ መካከል ጠንካራ ማስረጃ ነው፤ የጽሑፍን ቃል በሰው ምስክር ማፍረስም ቀላል አይደለም። ነገ ለምሳሌ ቅድሚያ የከፈሉትን ገንዘብ ለማስመለስ ክርክር ቢነሳ፣ በእጅ የሰጧቸው የስድስት ወራት ኪራይ እያንዳንዱ 9,000 ብር እንደነበር በምን ያስረዳሉ? በባንክ ያስገቧቸው የአሥራ አንድ ወራት ክፍያዎች እውነተኛውን መጠን ስለሚያሳዩ ይረዱዎታል፤ የባንክ መግለጫውን ማኅተም አስመትተው አሁኑኑ ያውጡ። ይሁን እንጂ ይህን ጉዳይ በአከራይዎ ላይ እንደ ማስፈራሪያ አይጠቀሙበት። «ለገቢዎች እነግርብዎታለሁ» የሚል ቃል አንድ ጊዜ ከአፍ ከወጣ አብሮ የኖረ ሰው ፊት ለፊት መተያየት ያቅተዋል፤ እርስዎም ቢሆኑ ያልሆነውን መጠን አውቀው ፈርመዋል። የሚሻለው አዲስ ውል ሲጻፍ እውነተኛው ዋጋ እንዲጻፍ በግልጽ መጠየቅ ነው።

ስለ ቧንቧው፣ በመርሕ ደረጃ ቤቱን ለመኖሪያ በሚሆን ይዞታ ማቆየትና እንዲህ ያለውን ትልቅ ጥገና ማድረግ የአከራይ ግዴታ ነው። ከላይ ካለው ፎቅ የሚፈስስ ውሃ እርስዎ ያበላሹት ነገር አይደለም፤ የተከራይ ድርሻ የበር ቁልፍን፣ የመስኮት መስተዋትንና የቧንቧ ጫፍን የመሳሰለው በመኖር ብዛት የሚበላሸው ትንሽ ነገር ነው። ስሕተቱ ገንዘቡን በቀነሱበት መንገድ ላይ ነው። በቃል ብቻ ነግረው፣ በጽሑፍ ሳይስማሙ ከኪራይ መቀነስዎ አከራይዎ «ውዝፍ» የሚለውን ቃል እንዲጠቀሙ በር ከፍቶላቸዋል። ምንም እንኳ ሕጉ ለእርስዎ የሚያደላ ቢመስለኝም ይህን በር ክፍት እንዳይተዉት እመክራለሁ። የሠራተኛውን ደረሰኝ፣ የዕቃውን ደረሰኝ፣ ውሃው ያጠቆረውን የልጆችዎን መኝታ ቤት ጣሪያና ከጥገናው በኋላ ያለውን መልክ የሚያሳዩ ፎቶዎች አንድ ላይ ያድርጉ። ከሠራተኛው ጋር የተጻጻፋችሁበት የስልክ መልእክት ካለ አያጥፉት። ለሽምግልና ሲቀርቡ 6,200 ብሩን የመጀመሪያው ነጥብ አድርጋችሁ በጽሑፍ ጨርሱት።

የአሥሩን ቀንና የውሃውን ማስፈራሪያ በተመለከተ ልብዎን ያሳርፉ። ውል ቢቋረጥ እንኳ ተከራይን ከቤት የሚያስወጣው የፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው፤ የአከራይ ቁልፍ፣ የአከራይ ዘመድ ወይም የደላላ ጩኸት አይደለም። ሰውን ለማስመረር ጣሪያ ላይ ካለው ሮቶ ወደ እርስዎ ቤት የሚወርደውን መስመር መዝጋት፣ መብራት ማቋረጥ ወይም በሩን መቆለፍ ሁከት ነው፤ ለዚህም የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 1149 «ሁከት ይወገድልኝ» የሚባለውን ክስ አስቀምጧል። ይህ ክስ ሁከቱ ከተፈጠረበት ጊዜ አንስቶ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ ያለበት ቢሆንም እርስዎ ሁለት ቀንም አይጠብቁ። ውሃው በእርግጥ ከተዘጋ የደሴ ውሃ በፈረቃ የሚመጣ በመሆኑ መጀመሪያ የፈረቃ ጉዳይ አለመሆኑን ያረጋግጡ። የታችኛውና የላይኛው ፎቅ ጎረቤት ውሃ እያለው የእርስዎ ቧንቧ ከደረቀ፣ ሁለት ጎረቤቶችን ጠርተው የተከፈተውን ደረቅ ቧንቧ ያሳዩዋቸው፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፈው ያስፈርሟቸው። በዚያው ቀን ለቀበሌው ያመልክቱ፤ ቁልፍ ከተቀየረ ወይም ዕቃዎ ከተነካ ደግሞ በቀጥታ ለፖሊስ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ደብዳቤ ይጻፉ። በእኛ ዘንድ ለሚያከብሩት ሰው ደብዳቤ መጻፍ እንደ ክስ ስለሚታይ ብዙዎች ይሸሹታል፤ በትሕትና የተጻፈ ደብዳቤ ግን ከሦስተኛ ሰው ከሚመጣ ወሬ ይልቅ ያከብራል። ለምሳሌ እንዲህ ሊሉ ይችላሉ፦

«ለተከበሩ አከራዬ፤ በመስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. በተፈራረምነው ውል መሠረት የምኖርበትን ቤት ኪራይ በየወሩ እየከፈልኩ እገኛለሁ፤ የየካቲትንም ወር በተለመደው ሒሳብ አስገብቻለሁ። ኪራዩ 14,000 ብር እንዲሆን ያቀረቡትን ሐሳብ በዚህ መጠን ለመቀበል አቅሜ አይፈቅድም። በቧንቧው ጥገና ወጪ፣ በኪራዩ መጠንና በአዲስ ውል ላይ ሁለታችን በምንመርጣቸው ሽማግሌዎች ፊት ተነጋግረን እንድንጨርስ በአክብሮት እጠይቃለሁ። እስከዚያው ውሃውም ሆነ ሌላው አገልግሎት እንደነበረ እንዲቀጥል እለምናለሁ።»

ሁለት ቅጂ ያድርጉት፤ አንዱን ሰጥተው በሌላው ላይ «ደርሶኛል» ብለው እንዲፈርሙልዎ ይጠይቁ። አልፈርምም ካሉ ሲሰጧቸው ያየ ሰው ስሙን ጽፎ ይፈርም። ካስቸገረም በአደራ ደብዳቤ በፖስታ ቤት ይላኩት፤ የፖስታ ቤቱ ደረሰኝ ይበቃል።

ሽምግልናውን በተመለከተ ወሎ ላይ መሆንዎ ያግዝዎታል። እርስዎም አከራይዎም የምትገቡበት ቅሬ (በሌላው አካባቢ ዕድር የሚባለው) ካለ፣ የቅሬው ዳኛና አንድ ሁለት ሽማግሌዎች ቡና ተፈልቶ ቢቀመጡ፣ ከዚህ ጉዳይ ሰፋ ያለ ነገር ሲፈቱ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ሽማግሌ የሚያስታርቀው ግን ፊት ለፊቱ ቁጥር ሲቀመጥለት ነው። በአንድ ወረቀት ላይ የከፈሉበትን ወር፣ መጠኑንና የተከፈለበትን መንገድ በተራ ይጻፉ፤ ከሥሩ የጥገናውን ወጪ ያስቀምጡ፤ በአካባቢዎ ተመሳሳይ ባለ ሁለት መኝታ ቤት የሚከራይበትን ዋጋም ከሁለት ሦስት ጎረቤት ጠይቀው ይያዙ። አከራይዎም የራሳቸው ችግር ሊኖርባቸው እንደሚችል አይርሱ፤ የሲሚንቶውና የቀለሙ ዋጋ፣ የልጅ ትምህርት ቤት፣ የባንክ ዕዳም ሊኖርባቸው ይችላል። እኔ በቦታዎ ብሆን «ምንም አልጨምርም» ብዬ አልገባም፤ ጭማሪው ከጽሕፈት ቤቱ በተነገረኝ መጠን ውስጥ እንዲሆን፣ አንድ ጊዜ ተደርጎ ለሁለት ዓመት እንዳይነካ፣ 6,200 ብሩም ሙሉ በሙሉ እንዲታሰብልኝ እጠይቃለሁ። የምጨምረው ገንዘብ የሁለት ዓመት እርጋታ ከገዛልኝ ከስሬያለሁ አልልም።

የተስማማችሁበት ነገር በዚያው ቁጭታ ይጻፍ። እውነተኛው የኪራይ መጠን፣ የሚከፈልበት ቀንና ሒሳብ፣ የውሉ ዘመን፣ የትልቅና የትንሽ ጥገና ድርሻ፣ የውሃና የመብራት ቆጣሪ አከፋፈል፣ ቅድሚያ የተከፈለው ገንዘብ የሚመለስበት ሁኔታ፣ እንዲሁም «እስከዚህ ቀን ድረስ አከራይ ከተከራይ የሚፈልገው ውዝፍ የለም» የሚል ዓረፍተ ነገር ይግባበት። በእጅ የሰጧቸው የስድስት ወራት ገንዘብ ነገር በዚህ ዓረፍተ ነገር ይዘጋል። ሁለታችሁ ትፈርማላችሁ፣ ሁለት ምስክሮች ይፈርማሉ፣ ውሉም ወደሚመዘገብበት ጽሕፈት ቤት ይሄዳል።

ይህ ሁሉ ሳይሳካ ቀርቶ ወደ ወረዳ ፍርድ ቤት መሄድ ግድ ከሆነብዎ፣ ጠበቃ መቅጠር ባይችሉም አይፍሩ። በፍርድ ቤቱ ደጃፍ ያሉት ራፖር ጸሐፊዎች ማመልከቻ ያዘጋጁልዎታል፤ ከመሄድዎ በፊት ግን ነገሩን በቀን ቅደም ተከተል በራስዎ ቃል ጽፈው ይስጧቸው፤ አለበለዚያ ለሌላ ሰው የተጻፈ የሚመስል አቤቱታ ይዘው ይመለሳሉ። አከራይዎን ያፍሩብኛል ብለው አይጨነቁ። ሁለት የተከባበሩ ሰዎች ያልተስማሙበትን ነገር ዳኛ ቢለይላቸው መከባበራቸው አይቀርም፤ መከባበርን የሚያጠፋው የተዘጋ ውሃና የተደበቀ ቁልፍ ነው።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ በርበሬ ወንዝ አካባቢ ግቢዬ ውስጥ ካሉት ሰርቪስ ክፍሎች አንዱን ለአንድ ወጣት የፋብሪካ ሠራተኛ አከራይቼ ነበር። ሥራ ሲቀንስበት ሦስት ወር ሳይከፍል ቆይቶ በሩን ቆልፎ ሄደ፤ ስልኩም አይሠራም። እኔ የምኖረው በዚሁ ኪራይ ነው። ቁልፉን ሰብሬ ዕቃውን አውጥቼ ለሌላ ሰው ላከራይ እችላለሁ?

(ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ እናታችን፣ ችግርዎ ይገባኛል፤ ሦስት ወር ያለ ገቢ መቆየት ቀላል አይደለም። ነገር ግን ቁልፉን በራስዎ አይስበሩት። ከላይ ለተከራይዋ የነገርኳት ሕግ ለእርስዎም ያው ነው፤ ወጣቱ ቢሄድም ክፍሉን በሕግ አላስረከበም፤ ነገ ተመልሶ «ሻንጣዬ ውስጥ ገንዘብ ነበረኝ» ቢል ከሳሽ የነበሩት እርስዎ ተከሳሽ ይሆናሉ።

መጀመሪያ ያለበትን የወራት ብዛትና የገንዘብ መጠን ገልጸው፣ በአንድ ወር ውስጥ እንዲከፍል ወይም መጥቶ ክፍሉን እንዲያስረክብ፣ ካልሆነ ውሉን እንደሚያቋርጡ የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ ይጻፉ። አንዱን ቅጂ ሁለት ጎረቤቶች ባሉበት በበሩ ላይ ለጥፈው ፎቶ ያንሱት፤ ሌላውን በሚያውቁት አድራሻው፣ ወይም ያመጣልዎት ደላላና ዋስ ካለ በእነርሱ በኩል ይላኩ። ለቀበሌው በጽሑፍ ያሳውቁ። ቀኑ ሲያልፍ ለወረዳው ፍርድ ቤት ውሉ እንዲቋረጥ፣ ክፍሉ እንዲለቀቅልዎና ውዝፉ እንዲከፈልዎ ያመልክቱ፤ ተከሳሹ ባይገኝ መጥሪያው የሚደርስበትን መንገድ ፍርድ ቤቱ ራሱ ያዝዛል።

ትእዛዙ ሲወጣ በሩ የሚከፈተው አፈጻጸሙን የያዘው ሠራተኛ፣ የቀበሌ ተወካይና ጎረቤት ባሉበት ነው። ፍራሽ፣ ምድጃ፣ ልብስ፣ አንድ ጥንድ ጫማም ቢሆን ሳይቀር በዝርዝር ይቆጠርና ሁሉም ይፈርሙበታል። ዕቃውን በፍርድ ቤቱ ትእዛዝ እንዲያስቀምጡት ከተደረገ በአንድ ካርቶን ወይም ማዳበሪያ አሽገው የዝርዝሩን ቅጂ ከላዩ ይለጥፉበት። ክፍሉን ለአዲስ ተከራይ ሲሰጡ ደግሞ የመታወቂያውን ቅጂ፣ የዋሱን ስምና ስልክ፣ የቆጣሪውን ንባብ በመጀመሪያው ቀን ይያዙ።